ሦስቱ ሂልትሩዶች

ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው፣ ነግሬው ሳበቃ፣ "አይ፣ ትክክለኛውን ስምሽን ነው" ይለኛል። ሂልትሩድ እባላለሁ። ሂልትሩድ ዳና። ትክክለኛው ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። አንድ ጊዜ ሌላ ሊሰጡኝ ሞክረው ነበር፤ የማጫውታችሁም ያንን ነው። ከሐሙስ ጠዋት እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ የሆነ ነገር ነው፤ ሁለት ሙሉ ቀን እንኳ አይሆንም። ንዴቱ ግን ይኸው ዓመታት አልፈውት አልበረደም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ሶዶ ከተማ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ወላጆቼ ዲምቱ አጠገብ በቆሎና ስኳር ድንች የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ሶዶ አክስቴ ቤት ተጠግቼ ነበር የምማረው። አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተናውን ካለፍኩ እቀጥላለሁ፤ ካላለፍኩ ወደ ቤት ተመልሼ ተራውን ለታናናሾቼ እለቃለሁ። አልፈረድኩበትም። ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ ከተማ ማስተማር አይችልም ነበር። እኔም ያን ዓመት ሙሉ ከመጽሐፍ ቀና አላልኩም።

ስሜ የአንዲት ጀርመናዊት ነርስ ስም መሆኑን አውቃለሁ። ዲምቱ አጠገብ የሚስዮን ክሊኒክ ነበር፤ እናቴን ያዋለደቻት እሷ ናት። ከዚያ በላይ አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። የማውቀው ስሙ ያመጣብኝን መከራ ነው። አስተማሪ ስም ሲጠራ እኔ ጋ ሲደርስ ይቆምና ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፤ ክፍሉ ይስቃል። ልጆቹ "ጀርመኗ" ይሉኛል። ባለጌው ደግሞ እናቴን ከአንድ ጀርመን መሐንዲስ ጋር እያገናኘ ያወራል። በዚህ የተነሳ ሁለት ጊዜ ተደባድቤ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሲመረኝ ደብተሮቼ ሁሉ ላይ "ሄለን ዳና" ብዬ ጻፍኩባቸው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል አላወቀችም።

በትምህርት ቤታችን ግን ይህን ስም የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሦስት ነበርን። ሦስታችንም ከዲምቱ አካባቢ የመጣን፣ ሦስታችንም በአንድ ዓመት የተወለድን። አንደኛዋ ሂልትሩድ ባሳ የቅርብ ጓደኛዬ ናት፤ እንዳንምታታ እሷን ሂሉ፣ እኔን ትሩ ይሉናል። እናቷ ሞታ በአጎቷ እጅ ያደገች፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት። ሦስተኛዋ ሌላ ክፍል ስለነበረች ብዙም አንቀራረብም። ሦስት መሆናችን ሲያስቃቸው ኖረ እንጂ አንድ ቀን ወንጀል ይሆንብናል ብሎ ያሰበ የለም።

ፈተናው ሰኞ ሊጀመር ሐሙስ ጠዋት የአድሚሽን ካርድ ማደል ተጀመረ። በረንዳው ላይ ተሰልፈን ስም ሲጠራ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የተለጠፈበትን ካርዱን ይዞ ሲሄድ፣ እኛ ሦስታችን ብቻ ቀረን። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ግቡ ተባልን።

ዩኒት ሊደሩ አቶ ደረጀ ይባላል። በደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ በየንግግሩ መሐል "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ይላል። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አልማዝ ትተይባለች። ሦስታችንን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ካቆመን በኋላ በአንድ ሌላ ትምህርት ቤት አንዷ ለሌላዋ ስትፈተን መያዟን፣ በዚህ የተነሳ ከዞን ደብዳቤ መምጣቱን ነገረን። የእኛ ስም ደብዳቤው ላይ አለ አለን። አንድ ስም፣ አንድ የትውልድ ቦታ፣ አንድ የትውልድ ዓመት፣ ሦስት ተፈታኝ።

እኔ ነርሷ እናቴን እንዳዋለደች ልነግረው ስጀምር በእጁ አስቆመኝ። ነገሩን አጣርቶ ጨርሷል። ከተማው ውስጥ እንግሊዝኛ የምታስተምር አንዲት ወጣት ጀርመናዊት በጎ ፈቃደኛ ነበረች፤ እሷን ጠይቋታል። ልጅቷ ስሙን ስትሰማ ሳቀች አሉ። በዕድሜዋ ሙሉ ሂልትሩድ የምትባል እኩያ አላጋጠማትም። የአያቷ ዘመን ሴቶች ስም ነው፤ ዛሬ ማንም ለልጁ አያወጣውም ብላዋለች።

"ጀርመን አገር የጠፋ ስም፣ ወላይታ ውስጥ በአንድ ዓመት ሦስት ቦታ በቀለ?" አለን። "እኔን ሞኝ አደረጋችሁኝ?"

ትርጉሙንም ጠይቋል። የመጀመሪያው ግማሽ ጦርነት፣ ሁለተኛው ኃይል ማለት ነው አለን። ለሴት ልጅ እንዲህ ብሎ ስም የሚያወጣ ወላጅ እንደሌለ ደመደመ። ስለዚህ ስሙ የውሸት ነው፤ አንዳችን በሌላችን ቦታ እንድንቀመጥ ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነው። እኔ የዚያን ጊዜ ከንዴት ይልቅ ድንጋጤ ነበር የያዘኝ። ዛሬ ሳስበው ግን ጥርሴን ያፋጨኛል። ሰውየው ጀርመን ድረስ ያለውን ስም ሲያጣራ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የማይፈጅ መንገድ ሄዶ ዲምቱ ላይ አንዲት እናት መጠየቅ አልታየውም።

ሁለት ምርጫ ሰጠን። ወይ እስከ ነገ ዓርብ ስድስት ሰዓት የልደት ማስረጃ ማምጣት፣ ወይ እሱ ራሱ ያዘጋጀውን ማመልከቻ መፈረም። ማመልከቻው ስሜ በስህተት የተመዘገበ ስለሆነ ይስተካከልልኝ ይላል፤ አዲሱን ስም የምንሞላበት ባዶ መስመር አለው። ካልሆነ ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ ፈተና የለም።

ሦስተኛዋ ልጅ እዚያው ፈረመች። ምን ልበል ብላ ብትጠይቀው ሰላማዊት በይ አላት፤ "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ብሎም መረቃት። የዚያን ቀኑ መልአክ አቶ ደረጀ ነበር። ካርዷን ከመሳቢያው አውጥቶ በእስክሪብቶ ሰርዞ፣ ማኅተም መትቶ ሰጣት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

እኔና ሂሉ ውጭ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ተማከርን። እኔ የሆነ ወረቀት እናቴ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ትዝ ይለኛል። ሂሉ ግን ወረቀት የሚያወጣላት ሰው የላትም። "አንቺ አምጪ፣ ያንቺ ለእኔም ይሆናል። እስክትመጪ አልፈርምም" አለችኝ። እጅ ተመታትተን ተለያየን።

የዲምቱ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ግማሽ ቀን ሄደ። ቤት ስደርስ እናቴ ጓሮ ቦይና፣ ማለት ጎደሬ፣ እየቆፈረች ነበር። በቤት ቋንቋችን እናቴን "አዬ" ነው የምላት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያ እጇን ታጥባ ገባችና ሳጥኑን ከፈተች፤ ከመዝሙር መጽሐፉና ከመሬት ግብር ደረሰኞቹ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ የክሊኒክ ካርድ አወጣች። ሰጠችኝ። "ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ" አለች። አያስፈልግም፣ ወረቀቱ ይበቃል አልኳት። ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። እናቴ መሟገት አትወድም፤ ዝም ብላ ታደርጋለች።

ዓርብ ማለዳ ስኳር ድንች ጭኖ ወደ ሶዶ የሚሄድ አይሱዙ አገኘንና ጆንያው ላይ ወጣን። ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊታችን እየቀረበ ሲመጣ ልቤ ተረጋጋ፤ ላስቲኩን ፈትቼ ካርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የእናት ስም፣ አለ። ቀበሌ፣ አለ። የሕፃን ጾታ፣ ሴት። ክብደት፣ አለ። የአዋላጅ ስም፣ ሲስተር ሂልትሩድ። የሕፃን ስም ከሚለው ትይዩ ግን ምንም የለም። ባዶ ነው።

ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ስሜን ያረጋግጥልኛል ብዬ የያዝኩት ወረቀት ስሙ የእኔ እንዳልሆነ ይመሰክራል። ወዲያው አንድ ነገር ገባኝ፤ ማለትም የገባኝ መሰለኝ። ማንበብ የማትችለው እናቴ ወረቀቱ ላይ ያለው የልጄ ስም ነው ብላ፣ የአዋላጇን ስም ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሂሉም እንደዚሁ፣ ሦስተኛዋም እንደዚሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የተሳቀብኝ፣ የተደባደብኩበት ስም በስህተት የተያዘ ነው። አቶ ደረጀ ልክ ነበር። እናቴን ጠላኋት፤ ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ለአንድ አፍታ ጠላኋት።

ለፈተና የገዛሁት እስክሪብቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ባዶው ቦታ ላይ ስሜን ልጽፍበት ካርዱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ቀለሙ አዲስ መሆኑ ይታወቃል ብዬ አመነታለሁ፤ መኪናው ይንጠናል፤ እንደገና አስባለሁ።

እናቴ አየችኝ። "ምን ትጽፊያለሽ?"

"ስሜን። ስሜ እዚህ ላይ የለም፣ አዬ።"

ካርዱን ከጉልበቴ ላይ አንስታ ጠቀለለችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። 

ትምህርት ቤት ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሂሉን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አጣኋት። በቀጥታ ቢሮ ገባን። እናቴ ካርዱን አውጥታ በሁለት እጇ ለአቶ ደረጀ ሰጠችው። አነበበው፤ ፈገግ አለ፤ ጣቱን እመስመሩ ላይ አድርጎ ወደ እኔ አዞረው።

"አዋላጅ ነው የሚለው። ስሙ የሴትዮዋ ነው። ያንቺ ቦታ ባዶ ነው" አለኝ። ማመልከቻውንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገልኝ።

ያዝኩት። አዎ፣ እስክሪብቶውን ያዝኩት። ሄለን ብዬ ልጽፍ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ራሴን ጀግና አድርጌ እንዳላወራ ነው። እናቴ ምን አለ ብላ ጠየቀችኝ፤ በወላይትኛ ነገርኳት። ያኔ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ የክሊኒኩን ካርድ በመዳፏ ሸፈነችውና በገበያ አማርኛዋ መናገር ጀመረች። እናቴ በአማርኛ ስትናገር ሴቱንም ወንዱንም "እሱ" ነው የምትለው፤ ስለ ነርሷ መሆኑን ግን ማንም አልሳተውም።

"ደርግ የወደቀ ጊዜ ነው" አለች። "ወታደር በመንገድ ይመጣል፣ ይተኩሳል። እኛ ሦስት ሴት ክሊኒክ ውስጥ ነን፣ ምጥ ይዞናል። ለነርስ መኪና መጣ፣ ፈረንጅ ሁሉ ይውጣ ተባለ። እሱ መኪናውን ባዶውን መለሰ። ሦስት ሴት ጥሎ አልሄደም። እሱ ሄዶ ቢሆን እኔ ዛሬ የለም። ይቺም የለም።"

አቶ ደረጀ ሊያቋርጣት ሞከረ፤ አልሰማችውም።

"ሦስታችን እዚያው ተነጋገርን። ሴት ከተወለደ ስሙ የእሱ ነው አልን። ሦስቱም ሴት ሆነ። ይሄን ባዶውን እሱ ረስቶ አይደለም የተወው። ስም የእናት ነው፣ አንቺ ሙዪ ብሎ ነው። እኔ መጻፍ አላውቅም። በአፌ ሞላሁት።"

ታይፑ ቆሟል። ወይዘሮ አልማዝ ዞራ እያየች ነበር። እኔ እስክሪብቶውን መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። አሥራ ሰባት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር ስኖር ይህን ነገር ለምን እንዳልነገረችኝ ልጠይቃት ፈለግኩና መልሱን ራሴ አወቅኩት። ስሙን ቀይሪልኝ እያልኩ አለቅስባት ነበር እንጂ ለምን አወጣሽልኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም።

አቶ ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን ተረት ማስረጃ አይሆንም፣ የዞኑ ደብዳቤ ስም ይቀየር ብሏል አለ። እናቴ አሁንም እጇን ከካርዱ ላይ አላነሳችም።

"ወረቀት ነው ያለው ካልክ፣ ወረቀቱ ይነበብ" አለችው።

የቢሮ ደብዳቤ ለሰው ሁሉ አይነበብም አላት። እሷም ሳይነበብ እንደማትሄድ ነግራው በሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች። ሊያስነሳት የሚችል ሰው አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ቀርተውታል፤ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እናቴን አያለሁ። በዚህ መሐል ወይዘሮ አልማዝ ተነሳች። ከመደርደሪያው አንድ ክላሰር አወረደች፤ ገለጥ ገለጥ አደረገችና ቆማ ጮክ ብላ አነበበች። የሦስቱ ተፈታኞች ማንነት በትምህርት ቤቱ ተጣርቶ እንዲገለጽልን ይላል። ማኅተም፣ ፊርማ፣ አለቀ።

"ይቀየር የሚል የለውም፣ አቶ ደረጀ" አለችው። "እኔ ነኝ ፋይል ያደረግኩት።"

ይኸው ነው። ያ ሁሉ ጣጣ፣ ጀርመን አገር ድረስ የተጣራው፣ የጦርነትና የኃይሉ ትርጉም፣ የሰላማዊት ምርቃት፣ ከሰውየው ስንፍና የመጣ ነበር። ሦስት ልጅ ከማጣራት ሦስት ስም መሰረዝ ይቀላል። አላፈረም፤ ይቅርታም አላለም። መሳቢያውን ስቦ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝና "በይ ሂጂ፣ አጥኚ" አለኝ። እኔ አልሄድኩም። የሂሉንስ አልኩት። ፈርማለች፣ ወደ ዞን ተልኳል አለ።

ሂሉን ትላንት የተማከርንበት ዛፍ ሥር አገኘናት። ካርዷን እጇ ላይ ይዛለች፤ ስሟ ተሰርዞ ትዕግሥት ባሳ ተብሏል። እስክትመጪ አልፈርምም ብለሽኝ አልነበረም ወይ ብዬ ጮህኩባት። አራት ሰዓት ላይ አቶ ደረጀ አስጠርቷት፣ ጓደኛሽ ዲምቱ ቀርታለች፣ አትመጣም፣ በስልክ ተነግሮኛል ብሏት ነበር። በዚያን ጊዜ ቤታችን ስልክ ቀርቶ መብራት አልነበረም። ልመለስና አንገቱን ልይዘው ስል እናቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። ከዚያ ሂሉን ራሷን ደባብሳ፣ በፌስታል ከያዘችው የተቀቀለ ስኳር ድንች ሰጠቻት። "ሂልትሩድ፣ ብይ" አለቻት። ሂሉ እየበላች አለቀሰች። የእናቷን ታሪክ የሰማችው እዚያው፣ ከእናቴ አፍ፣ ከፈረመች በኋላ ነው።

ሰኞ ሁላችንም ተፈተንን። ሦስታችንም አለፍን። እኔ በስሜ መሰናዶ ገባሁ። ሰላማዊት አባቷ የዞኑን ቢሮ ደጅ ዓመት ሙሉ ጠንቶ ወረቀቷ ሁሉ አንድ ስም እንዲይዝ ተስተካከለላት። ሂሉ ግን የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ሂልትሩድ ይላል፣ የአሥረኛው ትዕግሥት ይላል፤ ይህ ሰርተፊኬት ያንቺ አይደለም ተባለች። ትምህርት ቤቱ ወደ ዞን ይልካታል፣ ዞኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመልሳታል። ስም ቀይሪ ያላት ያው አቶ ደረጀ፣ ስሟን ለምን እንደቀየረች በጽሑፍ እንድታስረዳ ጠየቃት። ሁለት ዓመት ተመላልሳ ተወችው። አረካ ባል አግብታ ትኖራለች። ሂሳብ ላይ ከእኔ ትበልጥ ነበር።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምናልባት በአንድ ስም እንዲህ መናደድ ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። ወላይታ ውስጥ የተማራችሁ ግን ታውቁታላችሁ። ስማችሁ ለአስተማሪው አፍ ስላልተመቸ በሌላ የተጻፈባችሁ፣ ከእኔ በፊትም ብዙ ናችሁ። እኔ ከዚያ ዓርብ በኋላ አንድ ነገር ተማርኩ፤ ደብዳቤው ይላል የሚለኝን ሰው ሁሉ ደብዳቤውን አምጣ እለዋለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። በዚህ ጠባዬ ብዙ አለቃ አስቀይሜያለሁ፤ ዝውውርም ተጽፎብኛል። የስሜ ትርጉም ጦርነትና ኃይል ነው ሲሉኝ ድሮ አፍር ነበር። አሁን ልኬ ነው እላለሁ። ጀርመን አገር የሚያወጣው ከጠፋም ይጥፋ፤ እኛ ዘንድ ያወጡት እናቶች ለምን እንዳወጡት ያውቁ ነበር።

ዛሬ አረካ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ኦፊሰር ነኝ። በዚህ ዓመት ምዝገባ ሰሞን ሂሉ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከመስኮቴ ፊት ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው የቀበሌ መታወቂያዋን አቀረበች፤ ትዕግሥት ባሳ ይላል። ቅጹን አወጣሁና የልጅቷን ስም ጠየቅኩ። ሂሉ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ጠብ የምትፈልግ ይመስል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነገረችኝ።

ማስረጃ አልጠየቅኳትም። ሂልትሩድ ብዬ ጻፍኩ።